የዲዩትሮንሽ ሬዲየስ ስንት ነው?

ውጤቴ ከሚጠበቀው በ11 በመቶ ያንስ ነበር። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጽፌ፣ ግራፉን አሳምሬ ለአማካሪዬ ላክሁላቸው። ማብራሪያው ከላይ እስከ ታች ስሕተት ነበር።

ይህን የምጽፈው ጋማ ጨረር ቀላል ኒውክለስን ሲመታ የሚሆነውን በቲዎሪ ማስላት ለጀመራችሁ ወይም ለመጀመር ላሰባችሁ ነው። ቀላል ስል ክብደቱን ማለቴ ነው። ሥራው ቀላል አይደለም። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቅንጣት ብቻ ያላቸው ኒውክለሶች ናቸው፦ ዲዩትሮን፣ ትሪቲየም፣ ሂሊየም 3 እና ሂሊየም 4። መጻሕፍቱ ቀመሩን በደንብ ያስተምራሉ። ሰው የት የት ላይ እንደሚሳሳት ግን ብዙም አይነግሩም። እኔ እዚያ ላይ ወራት አጥፍቻለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያጓጓ ልናገር። ዲዩትሮን አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የተሳሰሩበት ኒውክለስ ነው። ለመነጣጠል 2.22 ሚሊየን ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ይህን መለኪያ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ሜቭ እለዋለሁ። ከዚያ በላይ ኢነርጂ ያለው ፎቶን፣ ማለትም የጋማ ጨረር ቅንጣት፣ ዲዩትሮኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። በተገላቢጦሹ ደግሞ ፕሮቶንና ኒውትሮን ሲገናኙ ጋማ ጨረር ተፍተው ዲዩትሮን ይሆናሉ። ሁለቱ ሪአክሽኖች የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው።

ፎቶኑን በደንብ እናውቀዋለን። ከቻርጅ ጋር የሚያገናኘው ትስስር ደካማ ነው፤ 1/137 የምንለው ቁጥር ነው የሚለካው። ስለዚህ አንድ ፎቶን ብቻ አስገብቶ ማስላት በቂ ነው። የማናውቀው ኒውክለሱን ነው። ቅንጣቶቹ ጥቂት ስለሆኑ ደግሞ የሽሮዲንገርን እኩልታ ያለ ብዙ ማጠጋጋት በኮምፒውተር መፍታት ይቻላል። ስሌትና መለኪያ ካልተስማሙ «እኩልታውን በደንብ ስላልፈታሁት ይሆናል» የሚለው ሰበብ ይወድቃል። የሚቀረው ወይ ቅንጣቶቹን የሚያስተሳስረው ጉልበት ነው፣ ወይ ፎቶኑ የሚይዘው ከረንት፣ ማለትም የቻርጅ ፍሰት፣ ነው። በከባድ ኒውክለስ ላይ ይህን ያህል ጥርት ያለ ጥያቄ መጠየቅ ይከብዳል። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝም ይኸው ነው።

ታሪኩም ደስ ይላል። ቻድዊክና ጎልድሃበር በ1934 ከቶሪየም ዝርያ የሚወጣውን 2.62 ሜቭ ጋማ ጨረር ተጠቅመው ዲዩትሮንን ሰነጠቁ። የሚወጣውን ፕሮቶን ኢነርጂ ለክተው የኒውትሮንን ክብደት አወጡ፤ ከፕሮቶን እንደሚከብድም ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት ቤቴና ፓየርልስ የሪአክሽኑን ቲዎሪ ጻፉ። ያ ስሌት ዛሬም በወረቀትና በእርሳስ በአንድ ከሰዓት ይሠራል። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት እሱን በእጃችሁ ሥሩት። እኔ ዘልዬው ነበር። የመጀመሪያው ጥፋቴ እሱ ነው።

በእጅ የሚሠራው ስሌት የሚነግረውን በቃል ላስቀምጠው። በ4.4 ሜቭ አካባቢ የፎቶኑ ሞገድ ከዲዩትሮኑ በጣም ይረዝማል። ኤች ባር ሲ የሚባለውን ቋሚ ቁጥር፣ 197ን፣ በ4.4 ስታካፍሉ 45 ገደማ ታገኛላችሁ። ይህ በፌርሚ ነው፤ አንድ ፌርሚ ማለት የሜትር ሚሊየንኛ ቢሊየንኛ ነው። የዲዩትሮኑ ሬዲየስ ሁለት ፌርሚ ገደማ ነው። ስለዚህ ለዲዩትሮኑ የፎቶኑ የኤሌክትሪክ መስክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ፕሮቶኑን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ኒውትሮኑ ይቀራል። ይህን ኤሌክትሪክ ዳይፖል፣ ባጭሩ ኢ1 እንለዋለን። ስሌቱ የመሰንጠቂያው ክሮስ ሴክሽን (ሪአክሽኑ የመሆን ዕድሉን በስፋት የሚለካው ቁጥር) ከመሰንጠቂያው ገደብ ይነሣና በእጥፉ ላይ፣ ማለትም 4.45 ሜቭ አካባቢ፣ ጫፍ ይነካል ይላል። መለኪያውም ይህንኑ ያሳያል፤ ጫፉ 2.4 ሚሊባርን ገደማ ነው፤ ሚሊባርን የዚህ ስፋት መለኪያ ነው።

ሌላው መንገድ በማግኔት ነው፤ ኤም1 ይባላል። ፎቶኑ የቅንጣቶቹን የማግኔት ሞመንት ይዞ ስፒናቸውን፣ ማለትም ውስጣዊ ሽክርክሪታቸውን፣ ይገለብጣል። በጣም ዝቅተኛ ኢነርጂ ላይ የሚገዛው እሱ ነው። እኔ የጀመርኩትም በእሱ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቀዝቃዛ ኒውትሮን በፕሮቶን ተይዞ ዲዩትሮን የሚሆንበትን ክሮስ ሴክሽን ማስላት ነበር። መለኪያው በጣም ጥርት ያለ ነው፤ በሰከንድ 2200 ሜትር ለሚሄድ ኒውትሮን 334 ሚሊባርን። እኔ ዘመናዊ የሚባል ፖቴንሻል (ቅንጣቶቹን የሚያስተሳስረው ጉልበት ቀመር) ወሰድኩ። በ1995 የወጣው አርጎን ቪ18 ነው፤ ከአራት ሺህ የሚበልጡ የፕሮቶንና የኒውትሮን ግጭት መለኪያዎችን በሚገባ ይገልጻል። ለዲዩትሮኑና ለሚመጡት ሁለት ቅንጣቶች እኩልታውን ፈታሁ። በመካከላቸው የታወቁትን የማግኔት ሞመንቶች አስገባሁ፤ ለፕሮቶን 2.793፣ ለኒውትሮን ደግሞ ከዜሮ በታች 1.913። ውጤቱ ከ300 ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ ወጣ። አሥር በመቶ ገደማ ጎደለ።

አሥር በመቶ ለጀማሪ ምቾት አይሰጥም። ትንሽ ቢሆን ትተዉታላችሁ፤ ትልቅ ቢሆን የት እንዳለ ይታያል። ግሪዱን፣ ስሌቱ የሚሠራባቸውን ነጥቦች፣ አጠበብኩ፤ ቁጥሩ አልነቃነቅ አለ። ኢንተግራሉን ከ20 ፌርሚ ወደ 60 ወሰድኩት፤ ያው። የዲ ሞገዱን፣ የዲዩትሮኑን ትንሽ ክፍል፣ አወጣሁ፣ መለስኩ። ኮዱን ከዜሮ ደግሜ ጻፍኩት። ይህ ሁሉ አራት ወር ፈጀ። እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ ለአማካሪዬ «ስሕተቴን ላገኘው አልቻልኩም» ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ቁጥሩን አይተው «ስሕተት የለበትም። ትክክለኛውን ቁጥር ነው ያገኘሽው፤ የጎደለው ፊዚክስ ነው» አሉኝ።

ይህ ክፍተት ለረጅም ዘመን ባለሙያዎችን ያስጨነቀ ኖሯል። መልሱን በ1972 ሪስካና ብራውን ሰጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚሳሳቡት ሜሶን፣ በተለይ ፓየን የሚባለውን ቅንጣት እየተቀባበሉ ነው። ፓየኑ ቻርጅ ሊኖረው ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ከረንት ነው ማለት ነው። ፎቶኑ ደግሞ ከረንት ባገኘበት ሁሉ ይይዛል፤ ፓየኑን መንገድ ላይ እያለ ሊይዘው ይችላል። እኔ ያስገባሁት ፕሮቶኑንና ኒውትሮኑን ለየብቻ የሚይዝበትን ብቻ ነበር። የልውውጥ ከረንቱ ሲገባ የጎደለው አሥር በመቶ ይሞላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ነውና። ከረንቱን እንደ ልባችሁ መምረጥ አትችሉም። ቻርጅ አይጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ከጎደለ በከረንት ሆኖ ሄዷል። ይህ ሕግ ከረንቱን ከጉልበቱ ጋር ያስረዋል። የጉልበታችሁ ፖቴንሻል ቻርጅን የሚያቀያይር ከሆነ፣ ለእሱ የሚስማማ የሁለት ቅንጣት ከረንት ማስገባት ግዴታ ነው። ፖቴንሻሉን ከአንድ ጽሑፍ፣ ከረንቱን ከሌላ ጽሑፍ ወስዶ መግጠም የተለመደ ነው። ውጤቱም ደህና ሊመስል ይችላል። ግን ሁለቱ ካልተጋቡ ስሌቱ ቻርጅ ከምንም እየፈጠረ ወይም እያጠፋ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው «ይህ ከረንት የተሠራው ለየትኛው ጉልበት ነው?» የሚለውን ነው።

አሁን ወደ 11 በመቶው ልመለስ።

ቀዝቃዛውን ኒውትሮን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ላይ ወጣሁ። በትልቁ ፍንዳታ ዘመን ኒውክለሶች ሲሠሩ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚገናኙት በአሥሮችና በመቶዎች ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። እዚያ ኤም1 እና ኢ1 ተቀራራቢ ድርሻ አላቸው። እኔ ከዚያም አልፌ እስከ ጥቂት ሜቭ ድረስ ያለውን ለማስላት ተነሣሁ። ኢ1 ደግሞ ገራም ነው። ዳይፖሉ ርቀቱን ስለሚያባዛ ኢንተግራሉ የሚሞላው ከውጭ፣ በሞገድ ፈንክሽኑ ጅራት ላይ ነው። ሞገድ ፈንክሽን የምለው የእኩልታውን መፍትሔ ነው፤ ካሬው ቅንጣቶቹ በየርቀቱ የመገኘታቸውን ዕድል ይነግራል። ስለዚህ «ሙሉውን ሞገድ ፈንክሽን ለምን እጎትታለሁ? ጅራቱ ይበቃኛል» አልኩ። ጅራቱ ቀላል ነው፤ እየራቀ ሲሄድ በየ4.3 ፌርሚው ለ2.718 እየተካፈለ የሚከስም ፈንክሽን ነው። ጠቅላላ ዕድሉ አንድ እንዲሆን አስተካከልኩት። መሰንጠቂያውን አስልቼ ሁለቱን ሪአክሽኖች በሚያገናኘው ቀመር ወደ መያዣው፣ ማለትም ፕሮቶንና ኒውትሮን ተያይዘው ዲዩትሮን ወደሚሆኑበት፣ ገለበጥኩት።

የዲዩትሮኑ መሰንጠቂያ ጫፍ በሚነካበት ኢነርጂ ላይ የመያዣው ክሮስ ሴክሽን 34 ማይክሮባርን አካባቢ መሆን ነበረበት። የእኔ 30 ሆነ። ኩርባው በሙሉ እንዲሁ በ11 በመቶ ዝቅ ብሎ፣ ቅርጹ ግን ልክክ ብሎ ከመለኪያው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። እኔም ወዲያው «አገኘሁት!» አልኩ። ባለፈው አሥር በመቶ የጎደለው በልውውጥ ከረንት ምክንያት አልነበር? አሁንም አሥር በመቶ ገደማ ጎደለ። ሁለት ገጽ ማብራሪያውን የጻፍኩት ያኔ ነው።

አማካሪዬ ሲደውሉልኝ ግራፉን አልነኩትም። «ኢ1ን በየትኛው ኦፐሬተር ነው ያሰላሽው?» አሉኝ።

«በዳይፖሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያው የልውውጥ ከረንቱ ውስጥ አለ። ያለውን ነገር ጎደለ ልትዪ አትችዪም።»

ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይተው «የዲዩትሮንሽ ሬዲየስ ስንት ነው?» አሉ።

አላሰላሁትም ነበር። ሁለት መስመር ኮድ ነው። ስልኩን ሳልዘጋ አሰላሁት፤ 1.53 ፌርሚ። ትክክለኛው 1.97 ነው። ሞገድ ፈንክሽኔ ዲዩትሮን አልነበረም። ከዲዩትሮን በጣም ያነሰ ሌላ ነገር ነው።

ስሕተቱ የት እንደነበረ ላስረዳ፤ እናንተም ልትደግሙት የምትችሉት ዓይነት ነውና። ጅራቱን ለብቻው ወስጄ ዕድሉን አንድ ሳደርገው፣ ጅራቱ እስከ ዜሮ ርቀት ድረስ እንደሚቀጥል ቆጥሬያለሁ። እውነተኛው ሞገድ ፈንክሽን ግን ጉልበቱ በሚሠራበት ቅርብ ርቀት ላይ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እዚያ ውስጥ የሌለውን ዕድል እኔ እዚያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ለውጭው ትንሽ ቀረው። የእውነተኛው ጅራት መጠን 0.885 ሲሆን የእኔ 0.681 ነበር። ክሮስ ሴክሽኑ በካሬው ስለሚሄድ 1.69 ጊዜ ያንሳል። የመሰንጠቂያዬ ጫፍ 2.4 ሳይሆን 1.42 ሚሊባርን ነበር ማለት ነው። ጅራቱን መጠቀሙ በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ መጠኑን ከሙሉው ስሌት ወይም ከሚታወቀው ቁጥር መውሰድ ነበረብኝ።

ታዲያ 1.69 ጊዜ ያነሰ ነገር እንዴት 11 በመቶ ብቻ የጎደለ መሰለ? ሁለተኛ ስሕተት ስለነበረ ነው። መሰንጠቂያውን ወደ መያዣ ስትገለብጡ የስፒን ሁኔታዎችን ትቆጥራላችሁ። ዲዩትሮን ስፒኑ 1 ነው፤ ሦስት ሁኔታ አለው። ፕሮቶንና ኒውትሮን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት። ፎቶንስ? ስፒኑ 1 ስለሆነ እኔ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ፎቶን ግን ክብደት የለውም፤ ያለው ሁለት ሁኔታ ብቻ ነው። ትክክለኛው ብዜት 6 ለ4 ሲሆን የእኔ 9 ለ4 ሆነ፤ አንድ ከግማሽ ጊዜ ይበልጣል። አንዱ ስሕተት በ1.69 ያወርዳል፣ ሌላው በ1.5 ያወጣል። ሁለቱ ተባዝተው 11 በመቶ ጉድለት ሰጡኝ። መሰንጠቂያውን በቀጥታ ከመለኪያ ጋር ባነጻጽር ኖሮ 40 በመቶ ጎድሎ አየው ነበር። እኔ ግን የምፈልገው መያዣውን ስለነበረ ያንን ግራፍ አልሠራሁትም።

ያ ቀን አሳፍሮኛል። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራዬን ሁሉ የለወጠውም እሱ ነው። በመጀመሪያው ስሌት ያልተስማማው ቁጥር ትክክል ነበር። በሁለተኛው ሊስማማ ምንም ያልቀረው ቁጥር ደግሞ በሁለት ቦታ የተሳሳተ ነበር። ስለዚህ አሁን የሪአክሽኑን መለኪያ የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

አማካሪዬ «ልውውጡ ውስጥ አለ» ያሉበትን ምክንያት ሳልናገር ላልፍ አልችልም፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ግራ ሲጋባ አይቻለሁ። ዚገርት በ1937 ያሳየው ነገር ነው። ሞገዱ ረጅም ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ሽግግር ውስጥ ያለውን ከረንት በዚያ የቻርጅ ሕግ ተጠቅመን በቻርጅ ስርጭት መተካት እንችላለን። የቻርጅ ስርጭት ደግሞ ፓየን በመለዋወጥ ብዙም አይነካም። ስለዚህ ዳይፖሉን በቻርጅ ስትጽፉት የልውውጥ ከረንቱ ሳታዩት ገብቷል። የማግኔት ሽግግር ግን ይህ ጥበቃ የለውም፤ ከረንቱን ራሱን ማስገባት ግድ ነው። ከዚህ የሚወጣ ግሩም መፈተኛ አለ። ኢ1ን ሁለት ጊዜ አስሉት፤ አንዴ በቻርጅ፣ አንዴ በሙሉ ከረንት። ልዩነት ካለ ከረንታችሁና ጉልበታችሁ አልተጋቡም። ከየትኛውም መለኪያ ጋር ሳታነጻጽሩ የሚጋለጥ ስሕተት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም መፈተኛ የሚበልጠው ይህ ነው።

ሌላው መፈተኛ ድምሩ ነው። ክሮስ ሴክሽኑን በኢነርጂው አካፍላችሁ ከገደቡ እስከ ላይ ብትደምሩት፣ የሚወጣው ቁጥር በመነሻው ሁኔታ የዳይፖሉ ካሬ አማካይ ነው። ለዲዩትሮን ይህ በሬዲየሱ ካሬ ብቻ ይወሰናል፤ 3.7 ሚሊባርን ገደማ ይመጣል። ግራና ቀኙን በተለያየ መንገድ ስለምታሰሉት፣ ካልገጠሙ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የእኔ የተበላሸ ሞገድ ፈንክሽን ይህን ፈተና ያልፍ ነበር! ትንሽ ዲዩትሮን ትንሽ ድምር ይሰጣል፤ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሬዲየሱን በተናጠል ማየት የግድ ነው። አራት ቁጥሮችን ከመለኪያ ጋር ሳላስተያይ ፎቶን አላስገባም፦ የማሰሪያ ኢነርጂውን፣ ሬዲየሱን፣ የማግኔት ሞመንቱን 0.857፣ የኳድሩፖል ሞመንቱን (ቅርጹ ከክብ ምን ያህል እንደሚርቅ) 0.286። የኋለኛው በፌርሚ ካሬ ነው። ሁለቱ ሞመንቶች ጥቃቅን ጉድለት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እዚያም የልውውጥ ድርሻ አለ። ሬዲየሱ ላይ ግን ይህን ያህል ሰበብ የለም።

ስለ መለኪያዎች አሃድ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አንድ ፌርሚ ካሬ 10 ሚሊባርን ነው። ውጤታችሁ በአሥር እጥፍ ከተሳሳተ ወደ ሌላ ቦታ ከመሮጣችሁ በፊት እዚህ ተመልከቱ።

ወደ ሦስትና አራት ቅንጣት ስትሄዱ የልውውጥ ከረንቱ ጉዳይ ማስተካከያ መሆኑ ይቀራል። ቀዝቃዛ ኒውትሮን በዲዩትሮን ሲያዝ ክሮስ ሴክሽኑ 0.5 ሚሊባርን ገደማ ነው። ከፕሮቶኑ 334 ጋር አስተያዩት። ከዚህም ግማሽ ያህሉ ከልውውጥ ከረንት ነው። በሂሊየም 3 ሲያዝ ደግሞ 0.055 ሚሊባርን ብቻ ሲሆን አብዛኛው ከልውውጥ ይመጣል። ምክንያቱ ረቂቅ ነው። የእያንዳንዱ ቅንጣት የማግኔት ኦፐሬተር የሂሊየም 4ን ዋና ክፍል ወደ ሌላ ሁኔታ ሊለውጠው አይችልም፤ መጪውና ተሳሪው ሁኔታ ፈጽሞ የማይደራረቡ (ኦርቶጎናል) ናቸው። ትልቁ በር ሲዘጋ ትንሿ በር ሁሉን ታስተናግዳለች። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በሞገድ ፈንክሽኑ ውስጥ ያለች ጥቂት በመቶ ስሕተት ውጤቱን ታመሳቅላለች። ጀማሪ ከሆናችሁ እነዚህን ሁለቱን የመጀመሪያ ሥራ አታድርጓቸው።

ሌላው ከሦስት ቅንጣት ጀምሮ የሚመጣው የማሰሪያ ኢነርጂው ነው። አርጎን ቪ18 ብቻውን ትሪቲየምን በ7.6 ሜቭ ያስራል፤ እውነቱ 8.48 ነው። ሂሊየም 4ን በ24.2፤ እውነቱ 28.3። የሦስት ቅንጣት ጉልበት ካልገባ አይሞላም። ይህ ለፎቶን ሪአክሽን ምን ያመጣል? ሂሊየም 4ን ወደ ፕሮቶንና ትሪቲየም ለመሰንጠቅ 19.8 ሜቭ ያስፈልጋል። በሁለት ቅንጣት ጉልበት ብቻ ካሰላችሁት ገደቡ 16.6 ላይ ይወድቃል። ኩርባው ሁሉ ሦስት ሜቭ ወደ ግራ ይሄዳል። ኩርባውን በእጅ ወደ ቀኝ ገፍቶ ማሳየት የሚወዱ አሉ። እኔ አልስማማበትም። ገደቡ የተሳሳተ ኒውክለስ ሬዲየሱም የተሳሳተ ነው፤ መግፋት ቁመቱን አያርመውም።

ይህ ሁሉ ትክክለኛነት ለምን? ሁለት ምክንያት ልጥቀስ። በ2020 በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የሚሠራው ሉና የተባለ የምርምር ቡድን ዲዩትሮን ፕሮቶን ይዞ ሂሊየም 3 የሚሆንበትን ሪአክሽን በከፍተኛ ጥራት ለክቶ አውጥቷል። ከትልቁ ፍንዳታ ስንት ዲዩትሮን እንደተረፈ የሚወስነው ይህ ነው፤ የዩኒቨርሱን ተራ ቁስ መጠን ለማወቅ ይጠቅማል። ቲዎሪውም በዚያው ደረጃ መጥራት አለበት። ሁለተኛው፣ በ2016 ኤሌክትሮኑ በሚዩኦን (ከኤሌክትሮን በሚከብድ ዘመዱ) በተተካ ዲዩቴሪየም፣ ማለትም ኒውክለሱ ዲዩትሮን በሆነ አቶም፣ ላይ በሌዘር የዲዩትሮን ሬዲየስ ተለካ። ከዚያ ልኬት ሬዲየሱን ለማውጣት ሚዩኦኑ ዲዩትሮኑን ምን ያህል እንደሚያዛባው በቲዎሪ መታወቅ አለበት። ያ ስሌት እኛ የምንሠራው ያው የኢ1 ስሌት ነው።

የመጨረሻው ስለ ሂሊየም 4 ነው፤ አሁን የምሠራበት እሱ ላይ ስለሆነ። አራት ቅንጣት ሲሰነጠቅ ብዙ መውጫ አለው፦ ፕሮቶንና ትሪቲየም፣ ኒውትሮንና ሂሊየም 3፣ ሁለት ዲዩትሮን፣ ከዚያም ሦስትና አራት ቁራጭ። እነዚህን ሁሉ የመውጫ ሞገዶች በቀጥታ መፍታት እጅግ ከባድ ነው። በ1994 ኤፍሮስ፣ ላይደማንና ኦርላንዲኒ ሌላ መንገድ አቀረቡ፤ የሎረንትዝ ኢንተግራል ትራንስፎርም ይባላል። ክሮስ ሴክሽኑን ራሱን ሳይሆን ሆን ተብሎ ብዥ የተደረገ ምስሉን ታሰላላችሁ። ብዥ ያለውን የሚሰጠው እኩልታ እንደ ታሰረ ኒውክለስ ሆኖ ይፈታል፤ መውጫዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ቀረ። በ2006 በዚህ መንገድ የሂሊየም 4 ፎቶን መምጠጥ በእውነተኛ የሁለትና የሦስት ቅንጣት ጉልበት ተሠርቷል። መለኪያዎቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው የማይስማሙበት ቦታ ስለነበረ ቲዎሪው ብቻውን መቆም ነበረበት።

ዋጋው ግን መመለሻው ላይ ይከፈላል። ከብዥታው ወደ ጥርት ያለው መመለስ አደገኛ ነው። ብዥታው ላይ ያለች የማትታይ ጫጫታ ተመልሳ ተራራ ትሆናለች። እኔ አንድ ጊዜ ከ40 ሜቭ አካባቢ ትንሽ ጉብታ አገኘሁ። አዲስ ነገር መስሎኝ ልቤ ቆመ። ለካስ የሒሳብ ጥላ ነው። የብዥታውን ስፋት ከ20 ወደ 10 ሜቭ ስቀይረው ጉብታው ቦታውን ለቀቀ። የመመለሻ ፈንክሽኖቹን ቁጥር በሁለት ስቀንስ ደግሞ ጠፋ። እውነተኛ ነገር ቢሆን ባለበት በቆየ ነበር።

አሁን አሠራሬ ይህ ነው። ፈንክሽኖቹን ስመርጥ ከገደቡ በታች ዜሮ እንዲሆኑ፣ ከገደቡ ሲነሡም በሚታወቀው ቅርጽ እንዲነሡ አደርጋለሁ። ቁጥራቸውን ከአራት ጀምሬ አንድ አንድ እጨምራለሁ። ውጤቱ ለተወሰነ ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ ከዚያ መወዛወዝ ይጀምራል። የምወስደው ከመወዛወዙ በፊት ያለውን ነው። ድምሩን ከዳይፖሉ ካሬ ጋር አስተያያለሁ። ከዚያ ሁሉንም በሌላ የብዥታ ስፋት እደግመዋለሁ። ሁለቱ ኩርባዎች ካልተደራረቡ ለአማካሪዬ አልልክም።